ብረት ብቻ የሚሰማ ጆሮ

ጫጫታ የወደድኩት ራሴ ነኝ እንጂ ማንም አላስወደደኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሰፈሬ የሓድነት ሴቶች «ረዳኢ ነው ያሳበዳት» ስለሚሉ ነው።

ረዳኢን ሳላውቀው በፊት፣ ከልብስ ስፌት ሱቄ ጀርባ ባለው የድሮ ብሎኬት ማምረቻ ግቢ ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ይሰበሰብ ነበር። ቆርቆሮ ይፋቃል። ሬድዮ ጣቢያ ሳይዝ ሽሽሽ ይላል። ጄኔሬተር ይንደቀደቃል። ያ ሁሉ በትልልቅ ስፒከር ሲወጣ የሱቄ ግድግዳ ይንቀጠቀጥና ክሬ ከመደርደሪያው ላይ ይወድቃል። አንድ ቅዳሜ ታገስኩ ታገስኩና መቀሴን እንደያዝኩ ልጮህባቸው ሄድኩ።

በሩ ላይ ስደርስ ጩኸቱ ደረቴ ውስጥ ገባ። ቆምኩ። ሰው ሁሉ ዐይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ከፊቴ ያለች ጠና ያለች ሴትዮ እንባዋ እየወረደ ነው፤ ማንም አያያትም፣ ምን ሆንሽ የሚላትም የለም። እኔም አለቀስኩ። መቀሴን እንደያዝኩ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቀርቼ አላውቅም። እነሱ ሙዚቃ ነው ይሉታል፤ እኔ ስሙን አላውቅም። ዘፈን የለው፣ ግጥም የለው፣ እስክስታ አይወርድበት። ግን ሁሉም ሐዘን ባለበት ከተማ ማን ለማን ያለቅሳል? እዚያ ግቢ ውስጥ ግን ማልቀስ ይቻላል። ጩኸቱ ይሸፍናችኋል።

መሸፈንን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ። ስሜ ኡሙሀኒ ነው፤ የወሎ ሰው ነኝ። ከባሌ ከአብዱልወዱድ ጋር ጨርቅ ልንነግድ መጥተን መቐለ ላይ ቀረን። በጦርነቱ ጊዜ ጨርቅ አመጣለሁ ብሎ ወደ ኮምቦልቻ እንደወጣ አልተመለሰም። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ። ስልክ ሲመጣ መጀመሪያ የሰማሁት ወሬ የእሱን ሞት ነው። እኔም ቤቴን ዘግቼ ከመቀመጥ ብዬ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሰልባጅ ልብስ አጠብባለሁ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ትምህርት እንኳ ፊደል ከመለየት ብዙም አላለፍኩም።

መኪናዋን ስረግጥ ግን አንጎራጉራለሁ። ድምፄን መኪናዋ ትበላዋለች። ለሰው የማልነግረውን ለአብዱልወዱድ የምነግረው እዚያ ውስጥ ሆኜ ነው። መኪናዋ ስትቆም እኔም ዝም።

ረዳኢ የዚያ የቅዳሜ ግቢ አድራጊ ፈጣሪ ነው። ቃላሚኖ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ኮሌጅ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚጠግን፣ ጢሙ ሸበት ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ያኔ ስልክ በጠፋበት ጊዜ ማታ ማታ ሬድዮ ከፍቶ ጣቢያ ሲያጣ፣ ያንን ሽሽሽታውን እያዳመጠ «ከዚህ ሥር የሆነ ሰው አለ» ይል ነበር አሉ። ጫጫታው የተጀመረው ከዚያ ነው። መጀመሪያ ያየኝ በር ላይ ቆሜ ሳለቅስ ነው። ሰው ከተበተነ በኋላ መጣና፣

«መቀሱን ለማን ነው ያመጣሽው?» አለኝ።

«ለሽቦህ።»

«በይ ቁረጪዋ» አለና ሽቦውን አንስቶ ዘረጋልኝ። ሳቅኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሳቅኩ አላህ ይወቀው።

*

አንድ ረፋድ ላይ ሱቄ መጣ። እጁ ላይ ጠፍጣፋ፣ ክብ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነገር ይዟል፤ ቀጭን ሽቦ ተንጠልጥሎባታል።

«ኡሙ፣ መኪናሽን ላዳምጣት?»

«ምን ሆነች? ጤነኛ ናት።»

«ጤነኛ ስለሆነች እኮ ነው።»

«ቅዳሜ ለሰው ልታሰማት?»

«ከፈቀድሽልኝ።»

ያችን ክብ ነገር ከጠረጴዛው ሥር በፕላስተር ለጠፋት፣ ሽቦዋንም ድምፅ በሚቀዳበት ስልኩ ላይ ሰካ። «ይህቺ ብረት ብቻ የምትሰማ ጆሮ ናት» አለኝ። «አየር አትሰማም። መንገዱን አትሰማም፣ አፍሽን አትሰማም። ጎረቤትሽ አሰገደች ስትሳደብ እንኳ አትሰማትም።»

«አሰገደችን የማይሰማ ጆሮ ከየት ተገኘ? ለእኔም አንድ አምጣልኝ።»

እየሳቀ ደንበኛ የሚቀመጥባት ዱካ ላይ ተቀምጦ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። እኔ መርገጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ አፌን ዘጋሁ። ኋላ እግሬ ሲሞቅ፣ ጨርቁ ሲሄድልኝ፣ ረሳሁት። አፌን አትሰማም ብሎኝ የለ? እኔ ስሰፋ ወደፊት እደፋለሁ፤ ዐይኔ ስለደከመ ደረቴ የጠረጴዛውን ጠርዝ ነክቶ ነው የምሠራው። እንዲያ እንደተደፋሁ፣

«አፈር የለበስከው አንተ አብዱልወዱድ፣
ፍቀድልኝና አንድ ሌላ ልውደድ።»

አልኩ። እውነቴን ነበር። ረዳኢ ሳያውቅ እኔ ወድጄው ነበር። የሞተ ሰው ደግሞ አይከለክልም፣ አይፈቅድም። ስለማይመልስ ነው የምጠይቀው።

መኪናዋን ሳቆም ረዳኢ ዐይኑን ጨፍኗል። ማዳመጫውን አላወለቀም።

«ምን ይሰማሃል?» አልኩት።

ቀና አለ። ዐይኑ እርጥብ ነው።

«መኪናው ብቻ» አለኝ።

«ታዲያ ምን አስለቀሰህ?»

«የጨርቅሽ አቧራ ነው።»

እኔም አመንኩት። አንድ ሰው ስለ ስፌት መኪና ዐይኑ እርጥብ ካለ ምን ዓይነት ልብ ቢኖረው ነው ብዬ ይበልጥ ወደድኩት። ይኸው፣ ፍረዱኝ።

ከዚያ በኋላ እየተመላለሰ መጣ። «ዛሬ ሌላ ድምፅ አላት» ይላል፤ ጆሮውን ይለጥፋል፣ ዱካዋ ላይ ይቀመጣል። እኔም አንዳንዴ በመኪናዋ ድምፅ ተከልዬ እያሾፍኩበት፣

«ሽቦ የሚያዳምጥ ብረት የሚሰማ፣
የኔን ልብ ጩኸት ምነው አልሰማ?»

እላለሁ። ያን ያልኩ ቀን ጥግ ላይ ሆኖ ፈገግ ሲል አየሁት።

«ምን ያስቅሃል አንተ?»

«መርፌሽ ቀለደችብኝ።»

ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንጋባ አለኝ። እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ እኔ የሰው ሱሪ እያጠበብኩ። መርፌው ጣቴን ወጋኝ። እሱ ግን እርግጠኛ ሆኖ ነበር የጠየቀው፤ እንደሌላ ወንድ አልፈራም፣ አልተንተባተበም። ይህ የተማረ ሰው ድፍረት ነው አልኩ።

«እናትህስ?» አልኩት። እናቱ ወይዘሮ ኣዳነች ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ አንዴ መንገድ ላይ ከእሱ ጋር አይተውኝ ከእግሬ እስከ ራሴ ከለኩኝ በኋላ «ልብስ ሰፊዋ ይህቺ ናት?» ብለውት ነበር።

«እናቴን ለእኔ ተይልኝ።»

«እሺ። ጠሃን ደግሞ ለእኔ ተውልኝ።»

ጠሃ የአብዱልወዱድ ታናሽ ወንድም ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ፋብሪካ ይሠራል። አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ምሳ የሚበላው እኔ ጋ ነው። ከአብዱልወዱድ የቀረኝ እሱ ነው፤ ለእሱም ከወንድሙ የቀረሁት እኔ ነኝ።

«ለጠሃ እኔ ራሴ ነኝ የምነግረው» አልኩት ረዳኢን። «በራሴ አፍ፣ በራሴ ማዕድ ላይ። ከሌላ ሰው ከሰማው ሞቻለሁ። እሱ ፊቱን ካዞረብኝ ደግሞ አንተንም አላገባህም።»

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ከእኔ አፍ አይሰማም። ቃሌ ነው» አለኝ።

ቃሉን አምኜ ጥሩ አርብ መጠበቅ ጀመርኩ። ልቤ እንደ አዲስ ሙሽራ ልብ ነበር።

*

ያቺ ቅዳሜ ፀሐይዋ ቆርቆሮው ላይ ተኝታ ነበር። ግቢው ሞልቷል። ረዳኢ በሽቦ መሐል እየተሽሎከለከለ ወደ እኔ መጣና፣

«ዛሬ ለአንቺ የሠራሁት አለ» ብሎኝ ሄደ።

ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ስቀመጥ ጠሃ የፋብሪካ ጋዋኑን እንደለበሰ፣ ኮፍያውን እንዳደረገ ሲገባ አየሁት። ደነገጥኩ።

«ምን እግር ጣለህ?»

«ያ ከሱቅሽ የማይጠፋው ወዳጅሽ፣ ረዳኢ፣ ታክሲ ውስጥ አግኝቶኝ ና ሥራችንን እይ አለኝ» አለ እየተቀመጠ። «እኔ ሳምንቱን ሙሉ ማሽን ሲጮህብኝ ውዬ ቅዳሜ ደግሞ ጩኸት ልሰማ መጣሁ! አብደናል እታለም።»

«ይሄኛው ጩኸት አለቃ የለውም።»

«እሱስ ደግ» አለና እግሩን ዘረጋ።

ልቤ ሞላ። ረዳኢ ጠሃን ሊለማመደው ፈልጎ ነው፣ መንገዱን እየጠረገልኝ ነው አልኩ። ሁለቱን በአንድ ጣራ ሥር ማየት እንዴት ደስ እንዳለኝ!

መጀመሪያ ኣሪያም ተጫወተች። ኣሪያም ወጣት ናት፤ ቆርቆሮ አንጠልጥላ በማሲንቆ መምቻ ትገዘግዘዋለች፤ ጥርስ ያንገጫግጫል። ጠሃ ጆሮውን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ረዳኢ ተነሣ።

ጄኔሬተሩ ከሥር ጀመረ። ከዚያ ላይ አንድ የማውቀው ነገር መጣ። መኪናዬ! አንዷ ጥርሷ ስለተበላች ስትሄድ ታነክሳለች፤ እዚያች ማነከሷ ላይ ለየኋት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ቤት በሚያህል ስፒከር፣ የእኔ መኪና ትራመዳለች። ኮራሁ። ለጠሃ በክርኔ ጎሸም አድርጌ «የኔ ናት» አልኩት።

ከመኪናዋ ሥር ደግሞ ረጅም ነገር ብቅ አለ። ንፋስ በቧንቧ ሲገባ የሚጮኸው ዓይነት፣ ወፍራም፣ የተጎተተ። ሰው ዐይኑን መጨፈን ጀመረ። እኔም ልጨፍን ስል ያ ረጅም ነገር ተነፈሰ።

ትንፋሹን አወቅኩት። «አንተ» ካልኩ በኋላ የምተነፍሰው ትንፋሽ ነው።

ድምፄ ነው። አጓትቶት፣ አወፍሮት፣ የማን እንደሆነ እንዳይለይ አድርጎት፣ የእኔ ድምፅ ነው። ማንም አልገባውም፤ ለሌላው ሰው የሚያቃስት ብረት ነው። ዞር ብዬ ጠሃን አየሁት።

ጠሃ መሳቁን ትቷል። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ግራ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ ሰጥቷል፤ አንድ ዐይኑን ጨፍኗል። ፋብሪካ ውስጥ ሰው በማሽን ላይ አሻግሮ ሲያወራው የሚያደርገው ነው። አንዴ ምሳ ላይ ነግሮኝ ነበር፤ «እኛ ማሽኑን መስማት ከተውን ቆየን፣ የምንሰማው ከማሽኑ ሥር ያለውን ሰው ነው» ብሎኛል። አሁን ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የእኔን ግጥም ቃል በቃል ከኋላዬ እየተከተለ ይለዋል።

አፈር የለበስከው።

«ጠሃ፣ ተነሥ እንውጣ» አልኩት። ጩኸቱ ቃሌን በላብኝ።

የወንድሙ ስም ላይ ሲደርስ ኮፍያውን አወለቀ። ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ሁለተኛውን ስንኝ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ዞሮ አየኝ። ስድብ ቢሆን እችለው ነበር። እሱ ግን ያየኝ መንገድ ላይ እንደሚያልፍ ሰው፣ ከዚህ በፊት የት ነው ያየኋት እንደሚል ሰው ነው።

ተነሥቶ ወጣ። ጩኸቱ ቆመ። ሰው አጨበጨበ።

በዚያ ግቢ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጩኸት ሳይሸፍነኝ አለቀስኩ።

*

ጠሃን ተከትዬ ልሮጥ ስል ኣሪያም መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«ኣደይ ኡሙ! እንኳን ደስ ያለሽ! በመጨረሻ አሰማልን!»

ሌላ ቀን ቢሆን «እናት አድርገሽ ኣደይ አትበይኝ፣ እህትሽ ነኝ» እላት ነበር።

«እኛ እኮ ከክረምት ጀምሮ ስንለምነው ነበር» አለችኝ። «ትንሽ አሰምቶን ይደብቀዋል። እሱ ራሱ ሌላ ነገር መስማት ትቷል፤ መንገድ ላይም ማዳመጫውን አድርጎ አንቺን እየሰማ ነው የሚሄደው። ግጥሙን አንድም አይስትም፣ በቃሉ ይዞታል።»

«ግጥሙን?»

«አዎ፣ ያንን...» ፊቴን አየችው። እጇ ቀስ ብሎ ከትከሻዬ ወረደ። «ኣደይ ኡሙ... አልነገረሽም እንዴ?»

ትቻት ወደ ረዳኢ ሄድኩ። ሽቦ እየጠቀለለ ነው። ፊቱ በርቷል። ሲያየኝ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ሰማሽው?»

«ሰማሁት። ያ ጆሮ ብረት ብቻ ነው የሚሰማው አላልከኝም?»

እጁ ወረደ።

«ሐቄን ነው፤ አየር አይሰማም። አንቺ ግን ስትሰፊ ጠረጴዛው ላይ ትደፊያለሽ። ድምፅሽ በአፍሽ አይደለም የመጣው። በደረትሽ አጥንት አድርጎ ጣውላው ውስጥ ገባ፣ ከጣውላው ወደ ብረቱ። እኔም አላሰብኩትም ነበር። ስሰማው ደነገጥኩ።»

«መቼ?»

ጎንበስ ብሎ ሽቦውን አነሣ።

«መቼ ነው የደነገጥከው ረዳኢ?»

«የመጀመሪያው ቀን» አለ።

አንድ ሰው ሲከዳችሁ የሚያማችሁ ያ ቀን አይደለም። ከዚያ በፊት ያሉት ቀናት ናቸው፤ አንድ በአንድ ዞረው ይመጣሉ። የተቀመጠባት ዱካ መጣች። ፈገግታው መጣ። የጨርቄ አቧራ መጣ።

«ጠየቅኩህ እኮ» አልኩት። «ምን ይሰማሃል አልኩህ። መኪናው ብቻ አልከኝ።»

«ብነግርሽ አፍሽን ዳግመኛ አትከፍቺም ብዬ ፈራሁ። ኡሙ፣ እንደዚያ ያለ ነገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ስልክ በጠፋ ጊዜ በዚያ ሁሉ የሬድዮ ሽሽሽታ ውስጥ ስፈልግ የነበረው ሰው አንቺ ነሽ።»

«አንተ እንድትሰማው አልነበረም ያልኩት!»

«ስለ እኔ እኮ ነበር!»

«ስለ አንተ ነበር። ለአንተ አልነበረም።»

አቀረቀረ። እኔ ግን አልጨረስኩም።

«ታዲያ እንጋባ ያልከኝ ቀን፣ እሺ እንደምልህ ታውቅ ነበር።»

ዐይኑን ሽቦው ላይ ተከለ።

«ጣቴን መርፌ ሲወጋኝ፣ አንተ መልሴን ከእኔ አፍ ቀድመህ ሰምተህ ጨርሰህ ነበር። እኔ ድፍረት መስሎኝ! ወንድ ልጅ ሲጠይቅ ትንሽ ይፈራል፤ አንተ የማትፈራው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።»

«ኡሙ በፈጠረሽ... ቃሉ እንዳይሰማ አድርጌዋለሁ። አጓተትኩት፣ ጄኔሬተር ጫንኩበት። እዚህ ግቢ ማን ቃሉን ሰማ? ማንም። ሰው የሰማው ድምፅ ነው።»

«ጠሃ ሰማ።»

«አይቻልም።»

«ዕድሜውን በማሽን መሐል የሚያወራ ሰው ነው። ማሽን ከድኖ ልትደብቅበት ነው የሞከርከው? አንድ በአንድ ሰማው። የወንድሙን ስም ሲሰማ ኮፍያውን አወለቀ።»

ረዳኢ የያዘውን ሽቦ ለቀቀው። መሬት ላይ ተፈታ። ከንፈሩ «ከእኔ አፍ አይሰማም» የሚል ይመስል ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። ቃሉን አላፈረሰም እኮ! ከእሱ አፍ አልተሰማም። ከእኔው አፍ ነው ያሰማብኝ።

*

ጠሃን የደረስኩበት ታክሲ መጠበቂያው ጋ ነው። ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል።

«አርብ ልነግርህ ነበር» አልኩት።

«የትኛውን አርብ እታለም?»

ታክሲ መጣ፣ ሞልቶ ሄደ። ጠሃ አልገባም። ዞሮ ሲያየኝ ዐይኑ ቀልቷል።

«ወንድሜን ፈቃድ ጠየቅሽው» አለኝ። «እሱ አይመልስልሽም። እኔ ግን አለሁ። ምላስ አለኝ። እኔን ብትጠይቂኝ እመልስልሽ ነበር።»

«ምን ትለኝ ነበር?»

«ሰውዬው ክርስቲያን ነው ብዬ የምጮህ መሰለሽ? እናታችን የማን ልጅ ናት? የቄስ ልጅ አይደለችም? ሴት ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ብቻዋን ትስፋ የሚል ማን ነው?» ኮፍያውን በእጁ ጨበጠ። «አግቢ እልሽ ነበር። በግ ጎትቼ መጥቼ ዱዓ አደርግልሽ ነበር። አርብ አርብ ፊትሽ ላይ የሆነ ነገር አያለሁ፣ መቼ ትነግረኝ ይሆን እያልኩ ነው የምበላው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አሁንስ ጠሃዬ?»

«አሁንማ ወንድሜ ተጨበጨበለት» አለ። «መቃብሩን አላየነው፣ ሬሳውን አላጠብነው። ስሙ በስፒከር ተጠራ፣ አፈር የለበስከው ተባለ፣ ሰው አጨበጨበ። እኔም ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። ከዚህ ወዲያ አግቢ ብልሽ ከየት አመጣዋለሁ? አፌ እሺ ቢል ሆዴ አይልልሽም።»

ሌላ ታክሲ መጣ። ሲገባ ኮፍያውን መልሶ አላደረገም፤ በእጁ እንደያዘ ሄደ።

አርብ ምሳ ሠርቼ ጠበቅኩት። አልመጣም። ምግቡ በርዶ እስኪደርቅ ድረስ ከፊቱ ተቀመጥኩ፤ የባሌን ሞት የሰማሁ ዕለት እንኳ ቤቱ እንደዚያ ባዶ አልሆነብኝም።

*

ረዳኢ ሱቄ የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ረፋድ ላይ፣ እንደ ድሮው። ከስቷል። በሩ ላይ ቆመ።

«ግባ» አልኩት። «ደንበኛ ትከለክላለህ።»

ዱካዋ ላይ አልተቀመጠም። «አጥፍቼዋለሁ» አለኝ። «ሁሉንም። ከስልኬም ከኮምፒውተሩም። ኣሪያምን ጠይቂያት።»

«ከጆሮህስ?»

እጁን ወደ ጆሮው ሰድዶ መለሰው። «እናቴ እሺ ብላለች» አለ። «ጠሃ ዘንድ ሽማግሌ ይዤ ልሂድ ትላለች። ራሷ። እኔም ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ።»

ይህን ቃል ስንት ጊዜ ተመኝቼው ነበር! ወይዘሮ ኣዳነች፣ ከእግሬ እስከ ራሴ የለኩኝ ሴትዮ፣ ለእኔ ብለው የሰው ደጅ ሊጠኑ። ልቤ ተነሥታ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ሄደች። ወላሂ ሄደች። እኔ ግን አልተነሣሁም።

«እናትህን ስላሳመንክ አላህ ይስጥህ» አልኩት። «ለጠሃ ግን ሽማግሌ እንዳትልክበት። የጠፋው በሽማግሌ የሚመለስ አይደለም።»

«ከዚህ በኋላ ቅዳሜም አትመጪም ማለት ነው?»

«ምን ቆርጦኝ ነው የምቀረው? ጫጫታውን አንተ አልሰጠኸኝም። ወንበሬን እንዳታነሡት። ስመጣ ግን ለአንተ ብዬ አይደለም፤ ሰላም እንኳ እንዳትለኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። እንባው ጢሙ ላይ ወረደ፤ ዛሬ አቧራ ነው አላለም።

«ያቺ ጆሮህ አለች?» አልኩት።

ደንግጦ እጁን ኪሱ ከተተ። አለች። ተቀበልኩትና እኔው ራሴ ከጠረጴዛው ሥር፣ ድሮ ይለጥፋት የነበረበት ቦታ ለጠፍኳት። ማዳመጫውን ሰጠሁት።

«አድርገው።»

«ኡሙ...»

«አድርገው አልኩህ!»

አደረገው። ወንበሬን ሳብኩ። ደረቴን ጠርዙ ላይ አስደግፌ፣ እንደ ድሮው ተደፍቼ ረገጥኩ። መኪናዋ እያነከሰች ሄደች። ጨርቁ አልቆ ሌላ ጨርቅ አስገባሁ። እግሬ ሞቀ። እሱ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ጠበቀ። ጠበቀ። ፊቱ ላይ አየሁት፤ ሰው በር አንኳኩቶ የሚከፈትለት መስሎት እንደሚቆም ነበር የቆመው።

መኪናዋን አቆምኩ።

«ምን ይሰማሃል?»

ዐይኑን ገለጠ።

«መኪናው ብቻ» አለኝ።

«አሁን እውነቱን ነገርከኝ» አልኩት።

ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ጆሮዋን ሳይወስዳት ሄደ። እኔም ነቅዬ ከቁርጥራጭ ጨርቁ ጋር ጣልኳት። ከእንግዲህ የሚሰማ የለም፤ ብቻዬን ነኝ፣ መኪናዬ አለች፣ በሩን ዘግቻለሁ። ለአብዱልወዱድ ልነግረው ብዬ ረገጥኩ። የሆነውን ሁሉ፣ የጠሃን፣ የረዳኢን።

ግጥሙ አፌ ድረስ መጣ። ጠረጴዛውን አየሁት፣ ጣውላውን አየሁት። ደረቴን ከጠርዙ አራቅኩ።

አፌ ድረስ የመጣው ተመለሰ።